ስምንት ስድስት ሲሆን

«ቁጥር አይዋሽም» ይባላል። እውነት ነው። ቁጥሩን የምታሳየን ካልኩሌተር ግን ስታረጅ መዋሸት ትጀምራለች። እንዴት መሰላችሁ? በካልኩሌተር መስታወት ላይ እያንዳንዱ አኃዝ የሚሠራው ከሰባት ትንንሽ ጭረቶች ነው። ሰባቱም ሲታዩ 8 ይሆናል። ከሰባቱ አንዷ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ያለችው፣ ከጠፋች 8 የነበረው 6 ሆኖ ይታያል፤ 9 የነበረውም 5 ይሆናል። የመሐሏ ከጠፋች 8 ወደ 0 ይወርዳል። 7 ደግሞ የላይ ጭረቱን ሲያጣ 1 ሆኖ ቁጭ ይላል።

እናላችሁ፣ ካልኩሌተሯ ውስጥ ውስጡን በትክክል ደምራለች፤ የሚሳሳተው ዓይኗ ነው። 843 ብር የሚከፈልበት ዕቃ በ643 ብር ተሽጦ ይሄዳል። 200 ብር በአንዲት ጭረት! ባለሱቁ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ጉድለቱን ያያል፤ ሠራተኛውን ይጠረጥራል፤ ሠራተኛው ይምላል፤ ጥፋተኛዋ ግን ባንኮኒው ላይ በዝምታ ተቀምጣለች።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህች ጭረት ነው። ጭረቷን የምትመልሰዋ መለዋወጫ ለምን ከገበያ ጠፋች? ድሮስ ነበረች ወይ? ታሪኩን ከውርጌሳ እንጀምረው።

ከማሽኑ በፊት

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከውጫሌ አልፋችሁ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። (ውጫሌ ስንል የት እንደሆነ አትጠፋችሁም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሁለት መንግሥታት የተዋዋሉባት፣ በ17ኛው አንቀጽ አንድ ቃል ምክንያት ዓድዋ ድረስ የተሄደባት ውጫሌ ናት። በዚህ መንገድ ላይ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ጣጣ ማምጣቷ የቆየ ነው!) አስፋልቱን ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የዘረጉት የሰሜን መስመር አካል ነው። ከአዲስ አበባ የሚጫን ዕቃ፣ ካልኩሌተርም ብትሆን፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው እዚህ የሚወርደው። የአካባቢው ሽንኩርትና ፍራፍሬም በዚሁ መንገድ ተጭኖ ይወጣል። ሲገባም ሲወጣም ሒሳብ አለ።

ማሽን ከመምጣቱ በፊት ይህ ሒሳብ በምን ይሠራ ነበር? በጭንቅላትና በጣት ነዋ! በውጭ አገር የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ የሚታወቅ አንድ ዘዴ አለ። 13 ኪሎ ሽንኩርት በ24 ብር ሸጣችሁ እንበል። 13ን በግማሽ በግማሽ ትቀንሳላችሁ፤ ትራፊዋን ትጥላላችሁ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ከጎኑ 24ን በእጥፍ በእጥፍ ታሳድጋላችሁ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር ያለበትን መስመር (6 እና 48) ትሰርዛላችሁ። የቀሩትን 24፣ 96 እና 192 ስትደምሩ 312 ብር ይሆናል። በካልኩሌተር ሞክሩት፤ ያው ነው። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ያልያዘ ሰው ግማሽና እጥፍ ብቻ ካወቀ ይበቃዋል።

ይህን ዘዴ የእኛ ብቻ አድርገን አንፎክርበትም። ሌሎች ጸሐፍት ይህንኑ «የሩሲያ ገበሬ ማባዛት» ይሉታል፤ የቅርብ ዘመዱም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ ይገኛል። ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ዘዴ ባትሪ አያልቅበትም፣ ጭረት አይጠፋበትም፣ መለዋወጫ አይፈልግም። ሁለት ሰው እስካወቀው ድረስ አንዱ ሲሞት ሌላው ያስተምረዋል።

ከበድ ያለውን ሒሳብም ቢሆን አገሬው ያለ ማሽን ይሠራው ነበር። የባሕረ ሐሳብ መምህር የዓመቱን ወንበር በ11 አባዝቶ በ30 ይገድፋል፤ የተረፈው አበቅቴ ነው። በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል፤ ጾሙና በዓሉ የሚወሰነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በየጁ ምድር ደግሞ ዳናን የመሰሉ የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ነበሩ። የእስልምና የውርስ ሕግ ንብረትን በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ፣ በሁለት ሢሶ፣ በሢሶና በስድስተኛ ያከፋፍላል፤ ይህን ሁሉ ክፍልፋይ አንድ ላይ አስማምቶ ለእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻውን ማውጣት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ወሎ ሒሳብ የተማረው ካልኩሌተር ሲገባ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

መለዋወጫ የነበረው ማሽን

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1642 ብሌዝ ፓስካል የተባለ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ፈረንሳዊ ወጣት አባቱ በግብር ስሌት ሲሰቃዩ አይቶ በጥርስ የሚዞር የመደመሪያ ማሽን መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለ300 ዓመታት ያህል የሒሳብ ማሽን ማለት ጥርስ፣ ሞላ፣ ዘንግና ብሎን ማለት ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መካከል ላይ የዚህ ሙያ ጌቶች ከነበሩት አንዱ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን በአማርኛ የጽሕፈት መኪናው የምናውቀው የጣሊያኑ ኦሊቬቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን ዲቪሱማ 14 የተባለ ማሽን የነደፈው ናታሌ ካፔላሮ ኩባንያውን የተቀላቀለው በተራ ሠራተኝነት ነበር፤ ማሽን ሲገጣጥም ውሎ ነው ንድፍ የተማረው።

ይቺን ነገር ያዙልን። ማሽኑን የነደፈው የገጣጠመው ሰው ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይፈታል፣ ይታያል፣ ይጠገናል። አንድ ጥርስ ቢሰበር ፋብሪካው ይልካል፤ ባይልክ ጎበዝ ብረት ሠሪ ሞርዶ ያስተካክለዋል። ዋጋው ውድ ስለሆነ መጠገኑ ያዋጣል።

በአገራችንም የጽሕፈት መኪናን የመሰለ ማሽን ፈትቶ የማየት ታሪክ አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና አማርኛ እንዲጽፍ ያደረጉት ሆዱን ከፍተው ነው። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ካልተከፈተ በስተቀር አይጠቅምም ነበር። ካልኩሌተር ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። የግዕዙ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ለገበያ ሒሳብ ከተውነው ቆይተናል፤ 1፣ 2፣ 3 የሁላችንም ሆኗል። ስለዚህ ካልኩሌተር ያለቀላት ሆና መጣች። እስክትሰበር ድረስ የሚከፍታት አልነበረም፤ ስትሰበር ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር።

እንዴት አለፈ?

እ.ኤ.አ. በ1957 ካሲዮ 14-ኤ የተባለውን የኤሌክትሪክ የሒሳብ ማሽን አወጣ። 341 ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ነበረው፤ ክብደቱ 140 ኪሎ! የጠረጴዛ ያህል ነው። አንዱ ሪሌይ ቢበላሽ አንዱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሻርፕ ያወጣው የትራንዚስተር ማሽን ወደ 25 ኪሎ ወረደ። እሱም ቢሆን ትራንዚስተሩ አንድ በአንድ ይፈታል።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ነው። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለካልኩሌተሩ አሜሪካዊውን ኢንቴል ቺፕ አሠራው፤ ያ ቺፕ 4004 ይባላል፤ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር እሱ ነው። (ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው ስልክ የካልኩሌተር የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው።) በሚቀጥለው ዓመት ካሲዮ ሚኒ በ12,800 የን ወጣች፤ ስድስት አኃዝ ብቻ ታሳያለች፤ በአሥር ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በ1973 ሻርፕ የኤልሲዲ መስታወት በኪስ ካልኩሌተር ላይ ገጠመ። በ1970ዎቹ ማብቂያ በፀሐይ የምትሠራዋ መጣች። በ1983 ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያላት፣ እንደ መታወቂያ ወረቀት የምትያዝ ካልኩሌተር ተሠራች።

ሃያ ስድስት ዓመት፤ ከ140 ኪሎ ወደ ካርድ! ዓለም አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ልክ ነበር፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ የሚገዛው ማሽን የሽንኩርት ነጋዴ እጅ ገባ። ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ ከጥገናው ዋጋ በታች ወረደ። አምራቹ አሰበ፦ አንዲት ጭረት ከማስጠገን አዲስ መግዛት ከረከሰ መለዋወጫ ለምን አመርታለሁ? ስለዚህ ብሎኑ ቀርቶ በፕላስቲክ ጥርስ የተገጠመ ክዳን መጣ። እግር የነበረው ቺፕ ቀርቶ በቦርዱ ላይ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ተጣለበት። ርካሽ ካልኩሌተር ከፍታችሁ ካያችሁ ያቺን ጥቁር ጠብታ ታገኟታላችሁ። የማሽኑ አንጎል ከሥሯ ነው። ከሞተ ሞተ፤ አይቀየርም።

ይህ ስሌት አዲሷ ርካሽ ለሆነችበት አገር ይሠራል። እኛ አገር ግን አዲሷ የምትመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አንነግራችሁም። አምራቹ «ጣሉና ግዙ» ብሎ የሠራትን ዕቃ እኛ «ጠግኑና አቆዩ» ብለን ነው የምንይዛት። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምናለሽ ተራ

ታዲያ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ፋብሪካው ካላመረተ አንድ ምንጭ ብቻ ይቀራል፦ የሞተች ሌላ ካልኩሌተር።

መርካቶ ምናለሽ ተራን የምታውቁ ይህን ትረዱናላችሁ። ቆራሌው በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሰበሰበው፣ ልዋጭ ለዋጩ በሳህንና በብርጭቆ የለወጠው አሮጌ ዕቃ መጨረሻው እዚያ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ይመስላል፤ ምን አለሽ? መልሱም ሁሉም አለ ነው፤ ሙሉው ባይኖርም ቁራጩ አለ። ለመኪና ሶማሌ ተራ አለ፤ ለትንንሹ ዕቃ ግን ምናለሽ ተራን የሚያህል የለም። እዚያ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ የካልኩሌተር መስታወት ይገኛል?» ብትሉ «መስታወቱን ብቻ ምን ታደርጊዋለሽ እህቴ፣ ሙሉዋን ውሰጃት» መባላችሁ አይቀርም። ልክ ናቸው። ሙሉዋ የማትሠራ ካልኩሌተር የመለዋወጫ ሣጥን ናት።

ከሣጥኑ ምን ምን ይወጣል? እስቲ አብረን እንፍታት።

በመስታወቱና በቦርዱ መካከል የተኛች ቀጭን ጎማ አለች። ጥቁርና ነጭ በጣም በቀጭኑ ይፈራረቅባታል፤ ለዚህ ነው «ዜብራ» የምትባለው። ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ነጩ ይከለክላል፤ እያንዳንዷ ጭረት መልእክቷን የምታገኘው በዚህች ጎማ በኩል ነው። ጎማዋ ስትቆሽሽ ወይም ጫናዋ ሲላላ ጭረት ይጠፋል። ብዙ ጊዜ መለዋወጫም አያስፈልግም፤ የመስታወቱን ጠርዝ፣ የቦርዱን ነጥቦችና ጎማዋን በአልኮል ጠርጎ ጠበቅ አድርጎ መመለስ ይበቃል። ጎማዋ ከተበላች ከሌላ ካልኩሌተር ትመጣለች፤ ርዝመቷ በምላጭ ይቆረጣል፤ ከፍታዋ ግን መግጠም አለበት።

ቁልፎቹ ከሥራቸው ጥቁር የካርቦን ጠብታ አላቸው። ጠብታው ሲያልቅ 5ን ሦስት ጊዜ ካልጫናችሁት አይሰማም። ከተጣለ የቴሌቪዥን ሪሞት ተቆርጦ ይለጠፋል፤ እሱ ከጠፋ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ለጊዜው ያገለግላል።

የባትሪው ቤት አረንጓዴ ዝገት ከያዘው በሎሚ ወይም በአቼቶ ይጠረጋል፤ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ክዳኑ ከጠፋ ፕላስተር አለ። (የባለሱቆቻችን ካልኩሌተር ሁሉ ጀርባው ላይ ፕላስተር ያለው ለዚህ ነው።)

መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን መፍትሔው ያው ሞዴል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ተማሪ ሁሉ የሚያውቃትን የካሲዮን ኤፍኤክስ-82 ውሰዱ። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ከስሙ ኋላ የሚጨመሩት ፊደላት ግን በየጊዜው ተቀያይረዋል፤ ከፊደሉ ጋር ሆዷም ተቀይሯል። «82 ናት» ብላችሁ የገዛችኋት የሞተች ካልኩሌተር ለእናንተዋ 82 ላትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከስሙ ኋላ ያሉትን ፊደላት አንብቡ።

ለምን ያሳስበናል?

«ስልክ እያለ ምን ካልኩሌተር አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ስልክ ግን መብራት ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውርጌሳንና አካባቢዋን የውጊያ ቦታ ባደረገበት ጊዜ የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ነበሩ። ሱቅ ተዘርፏል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ወድሟል። ከዚያ በኋላ ከዜሮ የጀመረ ነጋዴ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃውን ነው፤ ካልኩሌተሩን ያገለገለ ያደርጋታል። ሚዛኑና ካልኩሌተሩ ደግሞ በእሱና በደንበኛው መካከል ያሉ ሁለት ዳኞች ናቸው። ስልኩን አዙሮ ለደንበኛ አያሳይም፤ ካልኩሌተሯን ግን ያዞራታል፤ «ይኸው እዪ እናቴ» ይላል። የታየው ቁጥር ውሸት ከሆነ የሚጎዳው አንዱ ወገን ብቻ አይደለም፤ መተማመኑም አብሮ ይሄዳል።

ተማሪውም አለ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፋችን ጀርባ ላይ የሎጋሪዝምና የሳይን ሠንጠረዥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የመጽሐፉ አዘጋጆች ሁሉም ተማሪ ካልኩሌተር ይኖረዋል ብለው አላሰቡም፤ ልክም ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ምሕንድስናውም ሆነ ሒሳብ አያያዙ ካልኩሌተር ይጠይቀዋል፤ የመጀመሪያዋ ካልኩሌተሩም ከታላቅ ወንድም ወይም ከተመራቂ የተገዛች ናት። የጠፋችው ጭረት ፈተና ላይ ብትገኝ ለማን አቤት ይላል?

ስለዚህ ያገለገለች ካልኩሌተር ልትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ መስታወቱ እስኪሞላ 8ን ደጋግማችሁ ጫኑ። 88888888። አንዷም ጭረት ብትጎድል ወዲያው ትታያለች። ቀጥሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። በመጨረሻ የፀሐይ መቀበያውን በጣታችሁ ሸፍኑት። ቁጥሩ ከደበዘዘ መቀበያው ይሠራል፣ ባትሪዋ ግን አልቋል። ምንም ካልተለወጠ የምትሠራው በባትሪ ነው፤ መቀበያው ለጌጥ የተለጠፈ ፕላስቲክ ሊሆንም ይችላል (እንዲህ ዓይነቱም አለ!)።

ታሪኩን ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። ሒሳባችን በጭንቅላት በነበረበት ዘመን መለዋወጫው ሌላ የሚያውቅ ሰው ነበር። ማሽኑ ብረት በነበረበት ዘመን መለዋወጫው ከፋብሪካና ከሞረድ ይገኝ ነበር። ዛሬ መለዋወጫው ያለው በየመሳቢያው ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅ፣ እያንዳንዱ መምህራን ክፍል፣ እያንዳንዱ ቤት አንዲት የሞተች ካልኩሌተር አስቀምጧል። ለብቻዋ ቆሻሻ ናት። ሃያዎቹ አንድ ካርቶን ውስጥ ቢሰበሰቡ ግን የአንድ ከተማ መለዋወጫ መጋዘን ይሆናሉ። አንድ ራዲዮ ሠሪ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል። ውርጌሳ ለአንዲት ጎማ ብላ 400 ኪሎ ሜትር ከምትሄድ ምናለሽ ተራን ትንሽ አድርጋ እቤቷ ብታመጣትስ?

እኛ በበኩላችን መሳቢያችንን ከፍተናል። እናንተም ክፈቱ፤ ያለቻችሁን የሞተች ካልኩሌተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በሰፈራችሁ ራዲዮ ሠሪ ካለ ውሰዱለት። በዚያች ጎማ የአንድ ሰው 8 ተመልሶ 8 ይሆናል።